ክፋት ከወዴት መጣ? ስለ ደግና ክፉ የጥንት ሰዎች ያስተማሩት

የሰው ልጅ ማሰብ ከጀመረ ወዲህ ካልተለዩት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ ክፋት ከወዴት መጣ? ሕፃኑ ለምን ሞተ? ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ለምን ተነሣ? ሰላም ባለበት አገር ይህን የሚጠይቁት ካህናትና ፈላስፎች ናቸው። አገሩን ትቶ የወጣ ሰው ግን ውኃ ለመቅዳት ሲሰለፍም፣ ማታ ጋደም ሲልም ይጠይቀዋል። ብዙ ጊዜም ጥያቄው መልኩን ይለውጥበታል። «ክፋት ከወዴት መጣ?» ማለቱ ይቀርና «ክፉዎቹ እነማን ናቸው?» ይላል።

ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ፤ የሚያደርሱበት ስፍራ ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ሥራን ይመረምራል። ሁለተኛው ሰውን፣ አልፎም ዘርን ይፈርጃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥንት ሃይማኖቶች እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንዴት እንደ መለሱ በአጭሩ መመልከት ነው። ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በጁባ አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ወደ ሰሜን ሲወርድ የዲንቃንና የኑዌርን ምድር ያቋርጣል፤ ከኢትዮጵያ ከፍታዎች የባሮን ውኃ ይዞ የሚመጣውን ሶባትን ይቀበላል፤ ካርቱም ላይ ከጣና የሚነሣውን ዐባይ ያገኛል፤ ከዚያም በጥንታዊቷ ኩሽ በኩል ወደ ግብፅ ይዘልቃል። በዚህ አንድ ወንዝ ዳርና ዳር የኖሩ ሕዝቦች ስለ ደግና ክፉ ያሰቡት አሳብ ብዙ ነው፤ እርስ በርሱም ይነጋገራል።

ሚዛኑ

ከወንዙ ግርጌ፣ ከግብፅ እንጀምር። የጥንት ግብፃውያን ዓለምን አጽንቶ የያዘውን ሥርዓት «ማዓት» ይሉት ነበር። ቃሉ እውነትንም ፍትሕንም ባንድ ላይ ይይዛል። ሰው ሲሞት ልቡ በሚዛን በአንዱ ወገን፣ የማዓት ምልክት የሆነች ላባ ደግሞ በሌላው ወገን ትቀመጣለች። ቶት የተባለው የጽሕፈት አምላክ ውጤቱን ይመዘግባል። ልቡ ከላባዋ የከበደ እንደ ሆነ፣ ራሱ የአዞ፣ ፊቱ የአንበሳ፣ ኋላው የጉማሬ የሆነ አውሬ ይውጠዋል።

ሟቹ በ42 ዳኞች ፊት ቆሞ ያላደረገውን ይቆጥራል፦ እንዳልገደለ፣ እንዳላስገደለ፣ ሰውን እንዳላስለቀሰ፣ መስፈሪያ እንዳላጎደለ፣ የሚፈሰውን ውኃ እንዳልገደበ። ይህን ሥርዓት የሚያሳዩ ብዙ ጥቅሎች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ቆይተዋል። ከ3200 ዓመታት በፊት ገደማ አኒ ለተባለ ጸሐፊ የተዘጋጀው ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ጥያቄ የለም። የሚጠየቀው እጅ የሠራው ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ግብፃውያን ሚዛኑን የሚያታልሉበትን መንገድም ፈልገዋል። ልብ በባለቤቱ ላይ እንዳይመሰክር የሚያደርግ ድግምት በድንጋይ ላይ እየተጻፈ ከሬሳው ጋር ይቀበር ነበር። ሰው ፍርድን መፍራቱም፣ ከፍርድ ለማምለጥ ብልኀት መፈለጉም እኩል ጥንታዊ ነው ማለት ነው።

የሚዛን ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በየካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ የማያውቅ ጥቂት ነው። የቅምር ሰው የሆነው ይህ በላዔ ሰብእ አስቀድሞ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር። ሰይጣን አታሎት የሰው ሥጋ ከቀመሰ በኋላ ግን ቤተ ሰዎቹን ጨምሮ 78 ነፍስ በላ። ከዚያ አንድ ለምጻም በውኃ ጥም ተቃጥሎ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ በአንዱ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ያች ጥርኝ ውኃ ተመዘኑ። እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍበት ውኃው መዘነ።

ይህን ታሪክ የነፍሰ ገዳይ ማምለጫ አድርጎ የሚሰማው አለ። ልብ ብሎ ለሚያዳምጠው ግን ሁለት ከባድ ነገሮችን ይናገራል። አንደኛ፣ ደጉ ሰው እንደ ተፈጠረ ደግ ሆኖ አልቀረም፤ እንግዳ ተቀባዩ በላተኛ ሆነ። ሁለተኛ፣ በላተኛውም ቢሆን ከሰውነት ተራ ፈጽሞ አልወጣም፤ በእጁ አንዲት ጥርኝ ውኃ ቀርታ ነበር። እንግዲህ ክፋት በጎሳም ሆነ በባሕርይ ተጽፎ የሚወለድ ቢሆን ኖሮ ሚዛን ባላስፈለገ ነበር።

በእስልምናም የፍርድ ቀን ሚዛን ታላቅ ስፍራ አለው፤ ማንም ነፍስ የሌላውን ነፍስ ሸክም እንደማትሸከም ቁርኣን ደጋግሞ ያስተምራል። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በ615 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.አ.አ.) ገደማ ከመካ ተሰደው አክሱም በመጡ ጊዜ የሆነውም ይህን የሚያስታውስ ነው። የእስልምና ትውፊት እንደሚተርከው የቁረይሽ መልእክተኞች ስደተኞቹን አሳልፈው እንዲሰጧቸው ንጉሡን ቢጠይቁ፣ ንጉሡ አስቀድመው ስደተኞቹን አስጠርተው ነገራቸውን ከአፋቸው ሰሙ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም ስለ ወገኖቹ ተናገረ። ንጉሡ ከሰሙ በኋላ አሳልፈው አልሰጧቸውም። ክስ ከሳሹ በሰጠው ስም ሳይሆን በተከሳሹ ሥራ እንዲመዘን አደረጉ።

ከሰማይ የወረደ ክፋት

ሚዛኑ ክፋትን በሰው እጅ ላይ ያስቀምጠዋል። ይሁን እንጂ ክፋት እጅግ ሲበዛ፣ ከአንድ ሰው እጅ የወጣ ነው ብሎ ማመን ያዳግታል። ስለዚህ ሌላ መልስ ተነሣ፤ ክፋት ከውጭ መጣ የሚል።

ይህን መልስ እስከ ጫፍ ከገፉት ውስጥ የፋርሱ ዛራቱስትራ ተከታዮች ይገኙበታል። በእነርሱ ትምህርት ዓለም የደጉ መንፈስና የክፉው መንፈስ የጦር ሜዳ ናት፤ ሰው ሁሉ ከሁለቱ ወገኑን መምረጥ አለበት። በአንጻሩ በትንቢተ ኢሳይያስ ውስጥ አንድ አምላክ ብርሃንንም ጨለማንም፣ ሰላምንም መከራንም እንደሚያመጣ ተነግሯል። የፋርስ አሳብ በአይሁድ መጻሕፍት ላይ ምን ያህል ተጽዕኖ እንዳደረገ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን መጽሐፈ ሄኖክ ነው። የዚህ መጽሐፍ ጥንታዊ ክፍሎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተጻፉ ናቸው። ከጊዜ በኋላ ሌላው ዓለም ሲጥለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ቆጥራ አኖረችው፤ ሙሉው መጽሐፍ የሚገኘውም በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከጎንደር አገር ያገኛቸውን ቅጂዎች በ1773 እ.አ.አ. አውሮፓ አደረሰ። በ1950ዎቹ እ.አ.አ. ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን ዋሻ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኙ፤ የመጽሐፉም ጥንታዊነት ተመሰከረ።

በመጽሐፉ ትረካ 200 የሰማይ ትጉሃን በአርሞን ተራራ ላይ ወርደው ከሰው ሴቶች ልጆች ወለዱ። የተወለዱት ግዙፋን የሰውን ድካም ሁሉ በልተው ጨረሱ፤ ያም ሲያልቅ ሰውን ራሱን መብላት ጀመሩ። አዛዝኤል የተባለው ደግሞ ሰዎችን ሰይፍና ጩቤ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራት አስተማረ። በዚህ ጊዜ ምድር ራሷ ከሰሰች። የሟቾች ጩኸት እስከ ሰማይ ደጅ ደረሰ፤ ሚካኤልና ገብርኤል ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ ታች ሲመለከቱ በምድር ላይ የፈሰሰውን ደም አዩ።

ወንድሙ ነው መጽሐፈ ኩፋሌም። እርሱም ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ነው። በኩፋሌ ዘንድ የክፉ መናፍስት አለቃ መስቴማ ይባላል። ከጥፋት ውኃ በኋላ ከመናፍስቱ ከዐሥሩ ዘጠኙ እጅ ሲታሰሩ፣ በመስቴማ ልመና ዐሥረኛው እጅ ሰውን እንዲፈትን ቀረ። ይሁን እንጂ ኩፋሌ ፍርድን በተመለከተ ዓይኑን ከሰው ላይ አያነሣም። ቃየል አቤልን በድንጋይ ስለ ገደለ እርሱም ቤቱ ተንዶበት በድንጋይ ሞተ ይላል።

መጽሐፈ ሄኖክም እንዲሁ። በመጀመሪያው ክፍል ክፋት ከሰማይ በወረዱ መላእክት የመጣ ቢሆንም፣ ወደ መጨረሻው ባለው የተግሣጽ ክፍል ግን ሌላ ቃል ይሰማል። ኃጢአት ወደ ምድር የተላከ እንዳይደለ፣ ሰው ራሱ እንደ ፈጠረው ሄኖክ በመሐላ ይናገራል። በዚያው ስፍራ በሌላው ሰው ድካም ቤታቸውን የሚሠሩትን ይወቅሳቸዋል። ሁለቱ አሳቦች በአንድ ጥራዝ ተጠርዘው መኖራቸው አያስደንቅም። ክፋት ከእኔ ይበልጣል የሚል ሰው እውነት አለው፤ ነገር ግን ይህን ብሎ «ስለዚህ እኔ አልጠየቅም» ማለት አይችልም። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች የሰይጣንን ስም የጠሩት የሰውን ዕዳ ለመሰረዝ አልነበረም።

በስደት የተነገረ ቃል

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ይዘው ንጉሡንና ብዙ ሰዎችን አፈለሱ። ከምርኮኞቹ አንዱ ካህኑ ሕዝቅኤል ነበር። በኮቦር ወንዝ አጠገብ ከስደተኞቹ መካከል ተቀምጦ ሳለ በሕዝቡ አፍ የሚመላለስ አንድ ምሳሌ ሰማ። አባቶች ጎምዛዛ ወይን በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚል ነው። በእኛም ዘንድ «የአባት ዕዳ ለልጅ» ይባላል። ስደተኞቹ ይህን ሲሉ፣ እኛ የምንቀጣው አባቶቻችን በሠሩት ነው ማለታቸው ነበር።

ሕዝቅኤል ምሳሌውን ሻረው። አባት ስለ ልጁ፣ ልጅም ስለ አባቱ በደል እንደማይሞት፣ እያንዳንዱ በሠራው እንደሚጠየቅ፣ በዳይም ከበደሉ ቢመለስ በሕይወት እንደሚኖር አስተማረ። ይህ ትምህርት የተሰጠው በቤተ መንግሥት ወይም በታላቅ መቅደስ አልነበረም፤ ቤታቸው በፈረሰባቸው ሰዎች መካከል፣ በሰው አገር ወንዝ ዳር ነበር።

ከዚያው ስደት ግን ሌላ ድምፅም ተሰምቷል። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ያለቀሱት ሰዎች መዝሙር መጨረሻው የጠላት ሕፃናት በዐለት ላይ እንዲፈጠፈጡ የሚመኝ ነው። መጽሐፉ ይህን አልደበቀም። የተበደለ ሰው ልቡ ወደዚያ እንደሚሄድ ያውቃል። ስለዚህ ሁለቱም ቃላት ቀርተውልናል፤ አንዱ የቁስል ጩኸት፣ ሁለተኛው የፍርድ መሠረት። ማንኛውም የተሰደደ ሕዝብ ከሁለቱ በየትኛው ሕግ እንደሚኖር መምረጡ አይቀርለትም።

ክፋት በሰው ላይ ሲለጠፍ

«ክፉዎቹ እነማን ናቸው?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ በአገራችን ታሪክ ምን እንዳደረገ ሳንናገር ብናልፍ ለአንባቢ ታማኝ አንሆንም።

ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (1434–1468 እ.አ.አ.) የተማሩ፣ ብዙ የሃይማኖት መጻሕፍት ያስጻፉና ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት የደከሙ ንጉሥ ነበሩ። አምልኮ ጣዖትንና ጥንቆላን ለማጥፋት ባላቸው ቅንዓት ሕዝቡ በግንባሩና በእጁ ላይ የእምነት ቃልና የሰይጣን ክህደት እንዲጽፍ አዘዙ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚናገረው ደስክና ዲኖ የሚባሉ ጣዖታትን አምልከዋል ተብለው ብዙዎች ተቀጡ፤ የንጉሡ የገዛ ልጆች እንኳ አልተረፉም። አቶ እገሌ ጣዖት አመለከ ብሎ መወንጀል በቂ በሆነበት ዘመን፣ ጠላት ያለው ሁሉ በፍርሃት ኖረ። ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ያሉት የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርትም ተገረፉ፣ ተወገሩ። የእነዚህን ደቂቀ እስጢፋኖስ ገድል ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰውት ለዛሬው አንባቢ ደርሷል። የሚያሳዝነው ደግሞ ገራፊውም ተገራፊውም የአንድ አምላክ ስም መጥራታቸው ነው። ሰይጣንን ከአገር አስወጣለሁ ያለ ዘመቻ መጨረሻው ሰውን ማሰቃየት ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ የቡዳ ነገር ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ይባል ነበር። ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤሎች በእጅ ሥራ ሲተዳደሩ ይኸው ስም ተለጠፈባቸው። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ አንድ ትልም ማውጣት አይችልም፤ ያለ ሸክላ ሠሪዋም እንስራና ድስት የለውም። ይህም ሆኖ ከእነርሱ ጋር አይጋባም፣ ቢታመምም የሚጠረጥረው እነርሱን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ ነገሩ የመንግሥት ጉዳይ ለመሆን በቅቶ ነበር። የመጽሐፈ ሄኖክ ክስ በሰዎች መካከል ሰይፍን ባስገባው በአዛዝኤል ላይ ነው፤ ለጎረቤቱ ማረሻ በሚስልለት ሰው ላይ አልነበረም።

በሁለቱም ምሳሌዎች ሚዛኑ ተወግዷል። ቀጥቃጩ ምን አደረገ ተብሎ አይጠየቅም፤ መሆኑ ብቻ ይበቃል። በደል በሥራ ሳይሆን በትውልድ ሲቈጠር ደግሞ ንስሓም፣ ካሳም፣ ዕርቅም ቦታ ያጣሉ። በሠራሁት ብትከሰኝ እመልስልሃለሁ፤ በተወለድሁበት ብትከሰኝ ግን ምን ልመልስልህ?

ደምና ከብት

አሁን ወንዙን ተከትለን ወደ ላይ፣ ወደምንኖርበት አገር እንመለስ። ቅዱሳት መጻሕፍት ያልነበሯቸውን ሕዝቦች ስለ ደግና ክፉ አላሰቡም የሚል ሰው እጅግ ተሳስቷል።

የዲንቃ ሽማግሌዎች ለተመራማሪው ለጎድፍሪ ሊንሃርት የነገሩትና እርሱም በ1961 እ.አ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው ተረክ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሰማይ ለምድር ቅርብ ነበረ፤ ገመድም ያገናኛቸው ነበር። አምላክ ለመጀመሪያዎቹ ሰዎች፣ ለጋራንግና ለአቡክ፣ በቀን አንድ የማሽላ ፍሬ ፈቀደላቸው። አቡክ ግን ጨምራ ለመውቀጥ ረዥም ዘነዘና አነሣች፤ ስታነሣውም ሰማይን መታችው። አምላክ ራቀ፤ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ወፍ ልኮ ገመዱን አስቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ድካም፣ በሽታና ሞት መጣ። በዚህ ትረካ ውስጥ እባብም ሰይጣንም የለም። ክፋት ማለት መራራቅ ነው፤ የመጣውም በረኃብና በስፍር በኩል ነው። በቀን የሚሰፈርለት እህል አልበቃ ብሎት የሚያውቅ ሰው በአቡክ ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም።

በጋምቤላም በደቡብ ሱዳንም የሚኖሩት ኑዌሮች ፈጣሪን ኩዎት ይሉታል። በ1930ዎቹ እ.አ.አ. በመካከላቸው የኖረው ኢቫንስ-ፕሪቻርድ እንደ ጻፈው፣ በኑዌር እምነት ሰው የገደለ እንደ ሆነ የሟቹ ደም በገዳዩ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ገዳዩ የነብር ቆዳ የሚለብሰው የምድር ካህን ዘንድ ሄዶ ክንዱን ተበጥቶ ደሙ እስኪፈስ ድረስ አይበላም፣ አይጠጣም። ሁለቱ ቤተ ሰቦችም ነገሩ ሳይፈጸም ከአንድ ዕቃ አይበሉም፤ ቢበሉ ሞት ያመጣል ተብሎ ይፈራል። ከዚያ በቀድሞው ልማድ 40 ያህል ከብት ይከፈላል፤ በከብቱም ለሟቹ ሚስት ይታገባለታል፤ ስሙም በልጅ ይቀጥላል። ገዳዩ ተደብቆ ቢቀር እንኳ ደሙ ከእርሱ ጋር አለ። በግብፅ ሚዛኑ ከሞት በኋላ ነበር፤ እዚህ ግን በሕይወት ሳለ በገዛ ክንዱ ውስጥ ነው።

ይህን የመሰለ ሥርዓት በሌሎቹም ዘንድ አለ። ኦሮሞ የፈጣሪንና የፍጥረትን ሥርዓት ማክበርን «ሰፉ» ይለዋል፤ የፈሰሰ ደም በጉማ ይታረቃል። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአበጋሮች ፊት ቀርቦ ደሙን ያደርቃል። በብዙ የአማራ አገር በዳዩ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል። ከጁባ በስተ ደቡብ የሚኖሩት አቾሊዎች በግፍ የሞተ ሰው መንፈስ ገዳዩንና ቤቱን እንደሚያሳድድ ያምናሉ፤ ዕርቅ ሲወርድ ሁለቱ ወገኖች «ማቶ ኦፑት» በተባለው ሥርዓት የመራራ ሥር ውኃ ከአንድ ቅል አብረው ይጠጣሉ። አቾሊና አኙዋ በቋንቋ ዘመዳሞች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

እነዚህን ሥርዓቶች ያለ ነቀፋ ማወደስ ተገቢ አይደለም። ካሳው የሚከፈለው በቤተ ሰብ ስለ ሆነ ያልበደለ ዘመድ ከብቱን ያጣል፤ ዕርቁ ሳይወርድ ሲቀርም ቂሙ በልጆች ላይ ይወርዳል። በአንዳንድ ስፍራ ልጃገረድ የደም ዋጋ ሆና ተሰጥታለች። ሆኖም ዕዳው ልክ አለው፤ ተከፍሎ ያልቃል። ወገን ከወገን ጋር ለዘላለም ጠላት ነው የሚል ቃል በሥርዓቱ ውስጥ የለም።

ጥይት በመጣ ጊዜ

ሥርዓቱ ሲላላ ምን እንደሚሆን ይህች አገር አይታለች። በ1983 እ.አ.አ. በተቀሰቀሰው የሱዳን ጦርነት ጊዜ የኑዌርን ኑሮ ያጠናችው ሻሮን ሃቺንሰን አንድ ከባድ ለውጥ መዝግባለች። ጦር የወረወረ ሰው የወረወረውን ያውቃል፤ ጥይት ግን የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ስለዚህ የጦር አዛዦች በመንግሥት ጦርነት የተገደለ ሰው ደም በገዳዩ ላይ አያርፍም፣ ክንድ መበጣትም ካሳም አያስፈልግም ማለት ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ አሳቡን ለመቀበል ከበዳቸው፤ ወጣቶቹ ግን በእርሱ ዘመቱ። በ1991 እ.አ.አ. የነጻነቱ ጦር ለሁለት ተከፍሎ ዲንቃና ኑዌር ሲፋጁ፣ ከዚያ በፊት መንካታቸው ነውር የነበሩት ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን የጥቃት ዒላማ ሆኑ።

እንግዲህ ክፋት እንዲበዛ አዲስ ሰይጣን መውረድ አላስፈለገውም። ደሙ ባለቤት አጣ፤ ያ በቃ። «አዘውኝ ነው»፣ «እነርሱ ጠላት ናቸው» የሚለው ቃል በክንዱ ውስጥ የነበረውን ሚዛን አወጣው።

ከ8 ዓመታት በኋላ ግን የዲንቃና የኑዌር አለቆች በአብያተ ክርስቲያናት አማካይነት ዉንሊት በምትባል መንደር ተሰበሰቡ። ጊዜው ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት 1999 እ.አ.አ. ነበር። ነጭ በሬ ታረደ፤ ቃል ኪዳኑን የሚያፈርስ እንደ በሬው ይሁን ተባለ። ከዚያ ለቀናት እየተፈራረቁ ተናገሩ። አንዱ ወገን የተቃጠለበትን መንደር፣ የተነዳበትን ከብት፣ የተወሰደችበትን ሴት ሲቆጥር ሌላው ወገን ዝም ብሎ ሰማ፤ ቀጥሎም ተራው ሆነ። «ዲንቃ ክፉ ነው»፣ «ኑዌር ክፉ ነው» የሚለው ደፍሮ የማይፈታ ነገር፣ ቦታና ጊዜ ወዳለው በደል ተለወጠ፤ በደል ደግሞ ይካሣል። በስምምነቱ ምክንያት በወንዙ ምዕራብ ዳር ሰዎች ለግጦሽና ለንግድ እንደ ገና ተሻገሩ።

ሰላሙ ለዘላለም አልጸናም። በታኅሣሥ 2013 እ.አ.አ. እዚሁ ጁባ ላይ በተነሣው ጦርነት ሰዎች በጎሳቸው እየተለዩ ተገድለዋል። ይህ የዉንሊትን ሥራ ከንቱ አያደርገውም። የሚያሳየው አንድ በሬ ለአንድ ትውልድ ብቻ እንደሚበቃ፣ ሚዛኑም በየዘመኑ እንደ ገና መሰቀል እንዳለበት ነው።

ማጠቃለያ

ከግብፅ ጥቅል እስከ ኑዌር ክንድ ድረስ ያየናቸው አሳቦች በብዙ ነገር ይለያያሉ። አንዱ ሰይጣን ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። አንዱ ፍርዱን ከሞት በኋላ ያደርገዋል፣ ሌላው በዚሁ ዓለም። በአንድ ነገር ግን የተሻሉት ሁሉ ይገናኛሉ፤ ክፋት የሚዳኘው ሠሪ፣ ጊዜና ስፍራ ያለው ሥራ ሆኖ ሲቀርብ ነው። ከሥራ ተነሥቶ በስም፣ በጎሳ ወይም በሙያ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ሁሉ የተከተለው ሌላ ክፋት ነበር።

ይህ አሳብ በደልን ርሱ አይልም። እንዲያውም ተቃራኒውን ይጠይቃል። «እነዚያ ሕዝቦች ፈጁን» የሚል ሰው ማንንም ለፍርድ አላቀረበም። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ስፍራ፣ እገሌ ይህን አደረገ» የሚል ምስክር ግን የሟቹን ስም ይጠብቃል፤ ያልበደለውንም ነጻ ያወጣል። ስለዚህ ያዩትን በትክክል ማስታወስ፣ ከተቻለም መጻፍ፣ ከአምልኮ የማይተናነስ ሥራ ነው። በዚህ ሰፈር ውስጥ ምስክር የሚሆኑ ብዙ አሉ። በሌላ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በአገር ቤት ቢሆን በተቃራኒ ወገን ሊቆጠሩ የሚችሉም ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ። ልጆቻችን አብረው ይጫወታሉ። እነዚህ ልጆች ከእኛ የሚወርሱት ስም የተለጠፈበት ጥላቻ ይሁን ወይስ በሥራ የሚመዝን ፍርድ፣ የሚወሰነው ማታ ማታ በምንነግራቸው ታሪክ ነው።

ሕዝቅኤል በኮቦር ዳር ለስደተኞቹ የተናገረው ከ2500 ዓመታት በላይ ሆነው። ልጅ የአባቱን ዕዳ አይሸከምም። የራሱን ግን ይሸከማል።